ከክርስትናው በኋላ የሚመጣ ድካም

በአገራችን ልማድ አንዲት እናት በሰላም በተገላገለች ጊዜ ቤተሰቡም ጎረቤቱም የሚያደርግላት እንክብካቤ ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣና እጅግ የሚያስመሰግን ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሳይል የሚገባ ሰው የለም፤ ገንፎው ይገነፋል፤ አጥሚቱ ይፈላል፤ ዶሮው ይታረዳል፤ አራሷን ነፋስ እንዳይነካት በሩም መስኮቱም ይዘጋል፤ ወላጅ እናቷም ከሩቅ አገር ሳይቀር ተነሥታ መጥታ ከአጠገቧ ሳትለይ ታስታምማታለች። ይህም ሁሉ ወንድ የወለደች እንደ ሆነ እስከ 40፣ ሴት የወለደች እንደ ሆነ እስከ 80 ቀን ይቈያል። ሕፃኑ ክርስትና ተነሥቶ እናቲቱም ወደ ቤተ ክርስቲያን ከገባች በኋላ ግን «አራስነቱ አለቀ» ተብሎ ቤቱ ወደ ቀድሞ ሥርዓቱ ይመለሳል።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንናገርለት ደዌ ይህን ቀን ጠብቆ የሚመጣ ይመስላል። አስታማሚዋ ወደ አገሯ ከተመለሰች፣ ድግሱም ከተበላ በኋላ፣ ማንም ሰው «ይህች ሴት እኮ ገና የወለደች ናት» ብሎ በማያስብበት ጊዜ፣ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ወይም በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ይጀምራል፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ ዓመት ድረስ ይዘልቃል። ሐኪሞች ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የታይሮይድ ዕጢ መቈጣት ይሉታል። ስሙ ለብዙ ቤተሰብ እንግዳ ነው፤ ሕመሙ ግን እንግዳ አይደለም። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረገው ምርመራ እንደሚያሳየው፣ ከወለዱ 100 ሴቶች መካከል 5 ያህሉን ያገኛቸዋል። በየቤታችን በስሙ ስለማይጠራ ግን «ስንፍና» ወይም «የጠባይ መለወጥ» እየተባለ ይኖራል።

ይህን ስንጽፍ በዐሳባችን ፊት የቆሙት በተለይ በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ በአያትና በዙሪያዋ የሚኖሩት ወጣት ቤተሰቦች ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር በምሥራቅ በኩል የሚያበቃው በዚያ ነው፤ የኮንዶሚኒየሙም ሕንጻ በረድፍ በረድፍ ቆሞ ይታያል። በነዚህ ሕንጻዎች ከሚኖሩት ባልና ሚስት ብዙዎቹ ዘመዶቻቸውን በጎጃም፣ በወሎ፣ በጎንደር ወይም በሸዋ ገጠር ትተው የመጡ ናቸው። አያት በሚባል ሰፈር አያት የሌለችበት ቤት ይበዛል ብንል ቀልድ ብቻ አይሆንብንም። አራሷን ለማስታመም የመጣችው ወላጅ እናት ክርስትናው እንዳለፈ ወደ ቤቷና ወደ ከብቶቿ ትመለሳለች፤ ባልም ማልዶ ወደ መገናኛ ይወርድና ሲመሽ ይገባል፤ ሚስት ሕፃኑን ታቅፋ አራተኛው ፎቅ ላይ ብቻዋን ትቀራለች። ውሃ የጠፋ እንደ ሆነ ጀሪካኑን በዚያ ሁሉ ደረጃ የምታወጣው እርሷ ናት። ደመወዝተኛ ከሆነች ደግሞ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወለደች በኋላ የሚፈቅድላት ዕረፍት 90 ቀን ነውና፣ እርሱ ባለቀ ማግስት ወደ ሥራዋ ትገባለች። እንግዲህ የክርስትናው ማለፍ፣ የእናቷ መሄድና የዕረፍቷ ማለቅ ሦስቱም በአንድ ሰሞን ይገጥማሉ፤ ሕመሙም የሚነሣው በዚያው ሰሞን ነው።

ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ በአንገታችን ፊት ለፊት ከማንቁርት በታች የሚገኝ፣ እንደ ቢራቢሮ ሁለት ክንፍ ያለው፣ ክብደቱም 20 ግራም ገደማ የሆነ ትንሽ የሰውነት ክፍል ነው። ሥራውም በምግባችን ከምናገኘው አዮዲን ሆርሞን የተባለውን ንጥረ ነገር እየሠራ ወደ ደም መላክ ነው። ይህ ሆርሞን ለሰውነት ከምድጃ ሥር እንደሚነድ እሳት ነው ለማለት ይቻላል፤ የልብ አመታት፣ የሰውነት ሙቀት፣ የአንጀት እንቅስቃሴ፣ የአእምሮ ንቃት፣ የቆዳና የጠጕር ልምላሜ ሁሉ በርሱ መጠን ይወሰናል። እሳቱ ሲበዛ ድስቱ ይገነፍላል፤ ሲያንስም ይበርዳል።

ዕጢው ሲያብጥ እንቅርት መባሉን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። እንቅርት በአገራችን እጅግ ከመለመዱ የተነሣ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እስከ መባል ደርሶ በምሳሌያዊ ንግግራችን ገብቷል፤ እናቶቻችንም በአንገታቸው ላይ ያደርጉት የነበረው ንቅሳት ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርትን ይከለክላል ተብሎም ይታመንበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 10,998 ሴቶችን መርምሮ ከመቶው በ35.8ቱ ላይ እንቅርት አግኝቷል። ከተጠየቁት ሴቶች መካከል ከመቶ ከ90 የሚበልጡት የሕመሙን ምክንያትና አዮዲን ያለበትን ጨው ጥቅም አያውቁም ነበር።

ለዚህ እንቅርት ዋናው ምክንያት የአዮዲን ማነስ ነው። የደጋው መሬታችን በዝናብ ታጥቦ አዮዲኑ ስለ ተጠረገ እህሉም ውሃውም አዮዲን ያንሰዋል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ከአሰብ ይመጣ ነበር፤ በዚያ ዓመት ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ ይህ ተቋረጠና አገሪቱ ከአፋር ምድር፣ በይበልጥም ከአፍዴራ በሚወጣው ጨው ላይ ተደገፈች፤ ያም ለብዙ ጊዜ አዮዲን ሳይጨመርበት ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 መንግሥት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ አዘዘ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከ100 ቤት በ15ቱ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ግን በ89ኙ ተገኝቷል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። የቤት እመቤቶች ግን ጨዉን ከፀሓይና ከእርጥበት ጠብቀው በተከደነ ዕቃ እንዲያስቀምጡት፣ ወደ ወጡም መጨረሻ ላይ እንዲጨምሩት እናሳስባለን፤ አዮዲን በሙቀትና በአየር ይጠፋልና።

ስለ ጨው ይህን ያህል መናገራችን፣ አንዳንድ ሰው የታይሮይድን ስም በሰማ ጊዜ ሁሉ «ጨው ጨምሪ» ማለት ስለሚቀናው ነው። የምታጠባ እናት በቀን 250 ማይክሮግራም አዮዲን እንደሚያስፈልጋት የዓለም የጤና ድርጅት ይመክራል፤ ይህም ለልጁ አእምሮ ዕድገት ጭምር ነው። ዛሬ የምንጽፍበት ሕመም ግን የሚመጣው በአዮዲን ማነስ አይደለም። አዮዲን በብዛት ቢወሰድለት አይድንም፤ እንዲያውም ሊብስበት ይችላል።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድር ነው? ሰውነታችን ከውጭ የሚገባበትን ተውሳክ ለይቶ የሚዋጋበት ኀይል ተሰጥቶታል። ሴት በምታረግዝበት ጊዜ፣ በማኅፀኗ ያለው ፅንስ ግማሹ ከአባቱ የተገኘ ስለ ሆነ፣ ይህ ኀይል ፅንሱን እንደ ባዕድ ቈጥሮ እንዳይጎዳው ለዘጠኝ ወር ጋብ ይላል። የፈጣሪ ጥበብ ከሚደነቅባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ከወለደች በኋላ ግን ኀይሉ ይመለሳል፤ በአንዳንዶቹም ሴቶች ከልክ በላይ በርትቶ ይመለስና የገዛ ራሱን ወገን፣ ማለትም የታይሮይድን ዕጢ፣ እንደ ጠላት ይወጋዋል። ይህ በማንኛዋም ሴት ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ይልቁንም ከልጅነቷ ጀምራ ኢንሱሊን የምትወስድ የስኳር ሕመምተኛ፣ በቤተሰቧ የታይሮይድ ሕመም ያለባት፣ ወይም በፊተኛው ወሊዷ ይኸው ሕመም የደረሰባት እናት ለርሱ ትቀርባለች።

ዕጢው እንደ ጠንቃቃ ገበሬ ነው፤ የሠራውን ሆርሞን የሁለትና የሦስት ወር ስንቅ ያህል በጎተራው ያስቀምጣል። በተወጋ ጊዜ ጎተራው ይቀደድና የተከማቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ደም ይፈስሳል። ያን ጊዜ የሕመሙ የመጀመሪያ ወራት ነው። ልቧ ያለ ምክንያት ይመታል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላው ሲበርደው እርሷን ይሞቃታል፤ ሕፃኑ ተኝቶላት እንኳ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ በትንሹም በትልቁም ትቈጣለች፤ እየበላችም ትከሳለች። አንገቷን አያማትም፤ ትኩሳትም የለባትም፤ ስለዚህ የታመመች አትመስልም። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ጎተራው ባዶ ይሆናል፤ የተጎዳውም ዕጢ ቶሎ አዲስ ሆርሞን መሥራት አይችልም። ሁለተኛው ወራት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ወር ይሆናል። አሁን የፊተኛው ሁሉ ይገለበጣል፦ ይበርዳታል፤ ሆዷ ይደርቃል፤ ቆዳዋ ይሻክራል፤ ጠጕሯ በማበጠሪያ እየተነቀለ ይወጣል፤ ሰውነቷ ይከብዳል፤ የምታስቀምጠውን ዕቃ ትረሳለች፤ ወተቷም ሊቀንስ ይችላል፤ ሲነጋ ከመኝታዋ መነሣት እንደ ተራራ መውጣት ይሆንባታል፤ ልቧም በኀዘን ይዋጣል። በሁሉም ላይ ሁለቱ ወራት አይታዩም፤ አንዷ የመጀመሪያውን ብቻ፣ ሌላይቱ ሁለተኛውን ብቻ የምታይበት ጊዜ አለ።

አሁን ደግሞ ይህ ነገር በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚተረጐም እንመልከት፤ ከሕመሙ ይልቅ የሚያሳዝነን ይህ ነውና። በመጀመሪያው ወራት ስትከሳ «ሸንቃጣ ሆነች፤ ወሊድ ተስማማት» ይባላል፤ ስትቈጣ ግን «ልጅ ወለድሁ ብላ ኮራች» ይባላል። ባል ከሥራው ደክሞ ሲገባ የሚቀበለው ጭቅጭቅ ይሆንበታልና ማምሸት ይጀምራል። ሁለተኛው ወራት ሲመጣ ደግሞ ፍርዱ ይለወጣል፦ «ሰነፈች፤ ቤቷን ጣለች፤ ሌሎች ስምንት ወልደው እርሻ ይውሉ የለምን?» ይባላል። አማት ይህን በቀጥታ ባትናገር እንኳ ለልጇ በስልክ ትናገራለች። ሌሎች «አራስነቷን ሳትጨርስ ወጥታ ብርድ መታት» ይላሉ፤ ሌሎችም «ዓይነ ጥላ ነው» ብለው ያስፈራሯታል። ሴቲቱም ቅዳሴ መሄድ ታቆማለች፤ ለጸሎት መቆም ሲያቅታት «እግዚአብሔር ተለየኝ» ብላ ታስባለች፤ ልጇን ታቅፋ ፍቅር ያልተሰማት ቀን ራሷን እንደ ክፉ እናት ትቈጥራለች። ከሁሉ የሚብሰውም ይህ ነው፤ የሰዎቹን ፍርድ ራሷ ታምነዋለች፤ ስላመነችውም ወደ ሐኪም አትሄድም። ማንም ሴት ስንፍናን ለማስመርመር ወደ ሐኪም ቤት አትሄድምና።

ይህን ነገር በሌላውም አገር ለማስተዋል ብዙ ጊዜ ወስዷል። በኒው ዚላንድ ይሠራ የነበረ ሮበርተን የተባለ ሐኪም፣ ከወለዱ በኋላ ድካም፣ ብርድና የጠጕር መርገፍ የጸናባቸው እናቶች ከእንስሳ ታይሮይድ የተሠራ መድኃኒት ሲሰጣቸው ደኅና እንደ ሆኑ እ.ኤ.አ. በ1948 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ጻፈ። ጽሑፉ ግን ለብዙ ዓመታት የሚያስታውሰው አላገኘም። ሰፋ ያለ ትኵረት የተገኘው አሚኖ የተባሉት የጃፓን ሐኪምና ባልንጀሮቻቸው ከወለዱት እናቶች ደም እየወሰዱ መርምረው፣ ሕመሙ ከመቶ በ5.5ቱ እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ1982 ካስታወቁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በየአገሩ የነበሩት እናቶች ስለ ድካማቸው ምን ይባሉ እንደ ነበር አንባቢ ራሱ ሊገምት ይችላል።

ሕመሙን ለመለየት የሚያስፈልገው የደም ምርመራ ነው። ዋናው ቲ ኤስ ኤች የተባለው ሲሆን፣ ከርሱም ጋር ፍሪ ቲ 4 የተባለው ይታዘዛል። በብዙ ጤና ጣቢያ ስለማይሠራ ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ትልልቅ የግል ላቦራቶሪ መላክ ይኖራል፤ ከአያት እስከ ጥቁር አንበሳ ድረስ መሄድ የማይቻላት እናት በአቅራቢያዋ ባለው ሐኪም ዘንድ ደሟን ሰጥታ ውጤቱን ማምጣት ትችላለች። ወደ ሐኪም የገባች እንደ ሆነ «ይደክመኛል» ብላ ብቻ አትተው፤ የወለደችበትን ቀን፣ ድካሙ የጀመረበትን ወር፣ ከዚያም በፊት የልብ ምትና የእንቅልፍ ማጣት ኖሮባት እንደ ሆነ ታስረዳ። ሕፃን ለማስከተብ በየወሩ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመላለሱ ብዙ እናቶች ስለ ልጁ ክብደት ሲጠየቁ ስለ ራሳቸው ሳይናገሩ ይመለሳሉ፤ ያ ቀን ለመናገር የተመቸ ነበር። ከወሊድ በኋላ ድካም በደም ማነስም ይመጣል፤ ከወሊድ በኋላ የሚደርስ የመንፈስ ጭንቀትም አለ። አንዱ ሌላውን ስለማይከለክል ደሙም ልቡም አብሮ መመርመር አለበት። አንድ ሌላ ነገርም መታወቅ ይገባዋል፤ ሕመሙ ከመጀመሪያው ወራት ወደ ሁለተኛው ሲሻገር በመካከል ደሙ ደኅና መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ምርመራው «ደኅና ነሽ» ብሎ ድካሙ የጸና እንደ ሆነ፣ ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ መድገም ያስፈልጋል።

ሕክምናው ከባድ አይደለም። በመጀመሪያው ወራት አብዛኛውን ጊዜ መታገሥ ብቻ ይበቃል፤ የልቡ ምት ያስቸገራት እንደ ሆነ ፕሮፕራኖሎል የሚባለው ይሰጣታል፤ አስም ያለባት እናት ግን አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር፤ መድኃኒቱ አይስማማትምና። የታይሮይድን ሥራ የሚያግዱት መድኃኒቶች እዚህ ላይ አይጠቅሙም፤ ዕጢው የተቀደደ ጎተራ ሆነ እንጂ ከልክ በላይ አልሠራምና። ዕጢው በእውነት ከልክ በላይ የሚሠራበት፣ ዓይንን የሚያጎላ ሌላ ሕመም ስላለ ግን ሁለቱን መለየት የሐኪም ሥራ ነው። በሁለተኛው ወራት ድካሙ የጸናባት እናት ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን ኪኒን ትወስዳለች፤ ይህም ዕጢው ራሱ ይሠራው የነበረው ሆርሞን ነው። «ወተቴን ይመርዝብኛል» ብላ የምትፈራ እናት አትፍራ፤ እየወሰደች ማጥባት ትችላለች። ብዙዎቹ በዓመት ውስጥ ይድናሉ፤ ሐኪሙም ኪኒኑን ቀስ እያለ ያስተዋቸዋል። ከአምስቱ አንዷ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ግን ዕጢያቸው ጨርሶ ስለማይመለስ ኪኒኑን ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ። ስለዚህ ከዳነች በኋላም በዓመት አንድ ጊዜ ደሟን ማስመርመር ይገባታል።

ኪኒኑ የሚወሰደው በባዶ ሆድ በውሃ ነው። ከቡና ጋር አይወሰድም፤ ከዋጠች በኋላ ቡናውን ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ታዘግየው። ለደም ማነስ የሚሰጠውን የብረት ኪኒንና ካልሲየምን ደግሞ በአራት ሰዓት ልዩነት ትውሰድ፤ አብረው ከሄዱ መድኃኒቱን ይይዙታልና። የአራስ ቤት ቡና ሦስት ጊዜ በሚፈላበት አገር ይህ ምክር ቀላል አለመሆኑን እናውቃለን።

እዚህ ላይ ለቤተሰባችን የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ጾምና ቅዱስ ቍርባንስ እንዴት ይሆናል? ጠዋት በውሃ መዋጥ የሚያስቸግራት እናት ከመጨረሻው ምግቧ ሦስት ሰዓት ያህል ቈይታ ማታ ስትተኛ ልትወስደው ትችላለች፤ ጥቅሙ አይቀንስም። የምትቈርብ እናትም ከሥጋ ወደሙ በፊት 18 ሰዓት መጾም ስላለባት «ኪኒኔ ቀረ» ብላ አትጨነቅ፤ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ለብዙ ቀን የሚቈይ ስለ ሆነ አንድ ቀን ቢዘገይ አይጎዳትም። ይህን ከሐኪሟና ከንስሐ አባቷ ጋር አስቀድማ ብትመካከር መልካም ነው። ስለ ጾሙም ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለምታጠባ እናት የምታስብ መሆኗን ንስሐ አባቷ ይነግሯታል።

ጠበልን በተመለከተ፣ መድኃኒቷን ጥላ ወደ ጠበል የምትሄድ እናት አለች፤ ይህን የሚመክሯት ሰዎች ሃይማኖትን የጠበቁ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ፣ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምንም መድኃኒትንም ከእግዚአብሔር ዘንድ የተሰጡ አድርጎ እንደሚያስተምር እናውቃለን። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ለዚያ ሕመም የተፈቀደው ለዚህ የማይፈቀድበት ምክንያት አይታየንም። ጠዋት ጠበሏን ጠጥታ ማታ ኪኒኗን ብትውጥ ማንን ትበድላለች?

ጊዜ የማይሰጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ እናቲቱ ራሷን ወይም ሕፃኗን ለመጉዳት ያሰበች፣ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሰማች እንደ ሆነ ነው፤ ይህች እናት ለአንዲት ሌሊት እንኳ ብቻዋን መተው የለባትም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ትወሰድ። ሁለተኛው፣ በወለደች ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት ከዚያ በኋላ ወተቷ ፈጽሞ ያልመጣ፣ የወር አበባዋም ያልተመለሰ እንደ ሆነ ነው። በዚህች ሴት ላይ የተጎዳው የአንገቱ ዕጢ ሳይሆን ከአንጎል ሥር ያለው የዕጢዎች አዛዥ ፒቱታሪ ሊሆን ይችላል፤ ይህንም ሺሃን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1937 ገልጾታል። እርሷ የሚያስፈልጋት ሌላ መድኃኒት ቀድሞ ነው፤ ያ ሳይሰጣት የታይሮይድ ኪኒን ቢጀመርላት ለሕይወቷ ያሰጋል። ስለዚህ «ለእኔ ረድቶኛል» ብላ ጎረቤት የምታበድራትን ኪኒን ማንም ሴት አትዋጥ።

ባሎችን በአንድ ነገር እንለምናለን። ሚስትህ በሦስተኛው ወር ስትቈጣ፣ በስድስተኛውም ወር ስትዝል ያየህ እንደ ሆነ፣ ከመፍረድህ በፊት ከወለደች ስንት ወር እንደ ሆነ ቍጠር፤ ከዚያም ሕፃኑን ታቅፈህ አብረሃት ወደ ሐኪም ሂድ። ክርስትና አባቶችና ክርስትና እናቶችም፣ የጽዋ ማኅበር ወዳጆችም፣ ጥየቃችሁን በክርስትናው ቀን አትጨርሱት፤ በአራተኛውና በስድስተኛው ወር ያንን ደረጃ ወጥታችሁ በሩን አንኳኩ። ገንፎ ይዛችሁ ባትመጡ እንኳ ሕፃኑን ለሁለት ሰዓት ይዛችሁላት እንድትተኛ ብታደርጉ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ጊዜ ይህ ሕመም የደረሰባት እናት በሚቀጥለውም ወሊዷ ሊመለስባት የሚችል መሆኑን ትወቅ፤ ከ10 እናቶች እስከ 7 ድረስ በሚሆኑት ይመለሳልና። እንዳረገዘች በዐወቀች ጊዜ የመጀመሪያው ወር ሳያልፍ ለሐኪሟ ትንገር፤ ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት የራሱ ሆርሞን ስለሌለው የሚኖረው በእናቱ ነው። ኪኒን የምትወስድ ከሆነችም በእርግዝናዋ ጊዜ መጠኑ ከፍ ሊል ይገባዋል። ከወለደችም በኋላ፣ ድካም ተሰማትም አልተሰማትም፣ በ3ኛውና በ6ኛው ወር ደሟን ታስመርምር።